የሚሄድ ዕቃና የቆመ ሰው

ወፍጮ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ሞተሩን ከወፍጮው ጋራ የሚያገናኘውን ቺንጋ አይቶታል። ያ ቺንጋ ኃይል ያስተላልፋል እንጂ ዕቃ አይሸከምም። ቺንጋው ሰፍቶ፣ በሚሽከረከሩ ብረቶች ላይ ተዘርግቶ፣ የተጫነበትን ዕቃ ይዞ የሚሄድ ሲሆን ግን የፋብሪካ ሰዎች ኮንቬየር ይሉታል። ኮንቬየር ከሰሉን ከጉድጓድ ያወጣል፤ የፖስታውን ጥቅል በየአድራሻው ለመለየት ያገለግላል፤ የሰውንም ጀርባ ከመጉበጥ ያድናል። ይህን ያህል የሚጠቅም ነገር ስለምን ይነቀፋል? ቻርሊ ቻፕሊን ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. «ሞደርን ታይምስ» ማለት «ዘመናዊው ጊዜ» በተባለው ፊልሙ ነቅፎታል። ወጣት ተመልካች ሳቁን ብቻ ይዞ እንዳይወጣ ነቀፌታው እውነት መሆኑን መመርመር ይገባል።

በፊልሙ ውስጥ ቻርሊ ሁለት መፍቻ ይዞ በቺንጋው አጠገብ ቆሟል። ብረቶች በፊቱ ያልፋሉ፤ እርሱም በእያንዳንዱ ብረት ላይ ያሉትን ሁለት ዳዶዎች ያጠብቃል። ብብቱን ቢያሳክከው ወይም ዝንብ ብታስቸግረው ብረቱ ያመልጠዋል፤ ሊደርስበት ሲሮጥ ደግሞ ከጎኑ ያለውን ባልደረባውን ያውካል፤ ያም ይቆጣል። የፋብሪካው አለቃ በቢሮው ተቀምጦ በጨዋታ ጊዜውን ያሳልፋል፤ አልፎ አልፎም በመስኮት በሚመስል መስታወት ብቅ እያለ ፍጥነት እንዲጨመር ያዛል። በመጨረሻ የቻርሊ አእምሮ ይናወጥና ዳዶ የመሰለውን ሁሉ፣ የሴት ልብስ ቁልፍ እንኳ ሳይቀር፣ ለማጥበቅ ያሳድዳል።

እነዚያ ብረቶች ተገጣጥመው ምን እንደሚሆኑ ፊልሙ አይነግረንም። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ይቈጥረው ይሆናል። ለእኔ ግን ከፊልሙ ሁሉ የጠለቀው ነገር ይኸው ነው። ገበሬ ሲያርም ጤፍ መሆኑን ያውቃል፤ ሸማኔም ድሩን ሲዘረጋ ጋቢው በዓይነ ሕሊናው ይታየዋል። የቻርሊ እጅ ግን የሚሠራውን አያውቅም፤ የሚያውቀው የሚያመልጠውን ብቻ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ትርኢት አለ። ሠራተኞቹ ተቆጥተው ቻርሊን ሊይዙት ሲሮጡ እርሱ እጀታውን ስቦ ቺንጋውን ያስነሣዋል። ወዲያው አሳዳጆቹ ሁሉ ንዴታቸውን ትተው ወደ ብረታቸው ይመለሳሉ። ተመልካች በዚህ ይስቃል። ነገር ግን ቁጣን ያህል ነገር በአንድ እጀታ የሚቆም ከሆነ፣ ሰው ምን ያህል እንደ ተገዛ አስቡ።

ፊልሙ ያለ ልክ አጋነነ እንዳይባል ታሪኩን እንመልከት። በ1913 ሄንሪ ፎርድ በአሜሪካ በሚሺገን አገር፣ ሃይላንድ ፓርክ በተባለው ፋብሪካው፣ መኪናው ወደ ሠራተኛው እየሄደ የሚገጣጠምበትን መስመር ዘረጋ። ቀድሞ 12 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅ የነበረው የሻሲ መገጣጠም ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወረደ፤ የመኪናውም ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት እየረከሰ ሄደ። ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ሠራተኛው ሸሸ። በዚያው ዓመት 14,000 ያህል ሠራተኞች እንዲኖሩት ከ52,000 የሚበልጡ ሰዎች መቅጠር ግድ ሆነበት። በጥር 1914 ፎርድ የቀኑን ደመወዝ ወደ 5 ዶላር ከፍ አደረገ፤ የሥራውንም ጊዜ ከ9 ወደ 8 ሰዓት አሳጠረ። ሠራተኛው ለገንዘቡ ሲል ጸና፤ እጀታው ግን በአለቃው እጅ ቀረ።

እንግዲህ ፊልሙን የምነቅፈው በዚህ ነው። በመጨረሻው ቻርሊ ከአንዲት ምስኪን ልጃገረድ ጋራ መንገድ ይጀምራል። ትርኢቱ ልብ ይነካል። ነገር ግን ቻርሊ በለቀቀው ስፍራ ማን ቆመ? ሌላ ሰው ቆሟል። መሸሽ ለሸሸው ዕረፍት ቢሆንም ለተተካው መፍትሔ አይሆንም።

ቻፕሊን ያላሳየውን መልስ ፊልሙ በወጣበት ዓመት መጨረሻ በዚያው በሚሺገን፣ በፍሊንት ከተማ፣ የጄኔራል ሞተርስ ሠራተኞች አሳዩ። ከብዙው ብሶታቸው አንዱ የመስመሩ ፍጥነት ያለ ልክ መጨመሩ ነበረ። በታኅሣሥ 30 ቀን 1936 ሥራ አቁመው በፋብሪካው ውስጥ ተቀመጡ እንጂ አልሸሹም። በ44ኛው ቀን፣ በየካቲት 11 ቀን 1937፣ ድርጅቱ ከማኅበራቸው ጋራ ስምምነት ተፈራረመ። በፊልሙ ውስጥ ቺንጋው ሲነሣ እያንዳንዱ ለብቻው ወደ ብረቱ ሮጧል፤ በፍሊንት ግን ሠራተኞቹ አብረው ስለ ተቀመጡ መስመሩ ራሱ ቆመ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ወጣቶች ሆይ! ከእናንተ አንዱ ነገ መሐንዲስ፣ ሌላው አለቃ፣ ሌላውም በቺንጋው አጠገብ የሚቆም ሠራተኛ ይሆናል። ቺንጋ ክፉም ደግም አያውቅም፤ ያፈጠኑትን ያህል ይሮጣል። እጀታው በእጃችሁ የገባ እንደ ሆነ በአንድ ሰዓት ስንት ዕቃ እንዳለፈ ከመቍጠራችሁ በፊት በዚያው ሰዓት አጠገቡ የቆመው ሰው ቀና ብሎ መተንፈስ ችሎ እንደ ሆነ ተመልከቱ። በቺንጋው አጠገብ ስትቆሙም የዘገየው ባልደረባችሁ ጠላታችሁ እንዳይመስላችሁ፤ በእርሱ ላይ ከመቆጣታችሁ በፊት ፍጥነቱን የጨመረው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ።