የአምስት ዶላሩ ኪልት ማንን ነው የሚናገረው?

በአማርኛ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ለተሰፋ ነገር ያለን ቃል «ድሪቶ» ነው፤ እሱም ወደ ስድብ ያደላል። እኛ መሥሪያ ቤት በላይ በላዩ የተጣጣፈ ኮድ ስናይ «ይሄ ድሪቶ» እንላለን። ስለዚህ አሜሪካኖች ከቁርጥራጭ ሰፍተው፣ መሐሉ ጥጥ ጨምረው የሚሠሩትን የአልጋ ልብስ እንዳለ ኪልት ልበለው።

የሃሪየት ፓወርስ «የመጽሐፍ ቅዱስ ኪልት» ታሪክ ሲነገር ሁሌም ከሽያጩ ይጀምራል። ፓወርስ በ1837 እ.ኤ.አ. ጆርጂያ ውስጥ በባርነት የተወለደች ሴት ናት። በ1886 አቴንስ ከተማ (የግሪኳ አይደለችም፣ የጆርጂያዋ) በተደረገ የጥጥ ትርኢት ላይ ኪልቱን አሳየች። ጄኒ ስሚዝ የምትባል ነጭ የሥዕል መምህርት ልግዛው ብትላት እምቢ አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ችግር ሲጠናባት ራሷ አሥር ዶላር ጠየቀች፤ አምስት ተሰጣት። ከዚያም እየተመላለሰች ኪልቷን ታይ ነበር።

ልብ ይነካል፣ አዎ። ግን ይህን ሁሉ የነገረችን ገዢዋ ናት። የአሥራ አንዱን ክፍል ትርጉም ፓወርስ ተናገረች፣ ስሚዝ ጻፈች። ያ ጽሑፍ ባይኖር፣ ስሚዝ በ1946 ስትሞት ኪልቱ ከንብረቷ መሐል የተገኘ አሮጌ ጨርቅ ሆኖ በቀረ ነበር፤ ዛሬ ያለው ስሚዝሶኒያን ውስጥ ነው። ውለታዋን አልክድም። ጊት የምትጠቀሙ ግን ታውቁታላችሁ፦ ኮዱን ያስገባው ሰውና የጻፈው ሰው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ለዚህ ነው የካይራ ሂክስን መጽሐፍ የምወደው። በ2009 የወጣው ይህ ጥናት ኪልቱን ሳይሆን ወረቀቱን ነው የሚያሳድደው፦ ማን ገዛ፣ ማን ወረሰ፣ ማን ጻፈ። ሂክስ አዮዋ ውስጥ ከአንዲት ሴት ወረቀቶች መሐል ፓወርስ በ1896 የጻፈችውን ደብዳቤ ግልባጭ አገኘች። እስከዚያ ድረስ ፓወርስ ማንበብና መጻፍ አትችልም ሲባል ነበር። ደብዳቤው ላይ ግን ራሷ ስለ ሕይወቷ ትናገራለች፤ ሌሎች ኪልቶች እንደሠራች፣ አንዱም የጌታን እራት የሚያሳይ እንደነበር ትዘረዝራለች።

ይህን ካወቅን በኋላ ኪልቱን የምናይበት ዓይን መቀየር አለበት፤ ብዙ ጽሑፎች ግን አሁንም «የዋህ እምነት» ምናምን ላይ ናቸው። የይሁዳን ክፍል ተመልከቱ። ሠላሳው ብር ከአረንጓዴ ጨርቅ የተቆረጠ ነው። እግሩ ሥር ያለው ትልቅ ክብ ደግሞ፣ በስሚዝ ማስታወሻ መሠረት፣ በ1886 ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ኮከብ ነው። ያኔ የነበረ ወሬ ወንጌል ውስጥ ገብቷል ማለት ነው! ይሄ ከስብከት የሰማችውን የደገመች ሴት ሥራ አይመስለኝም። የራሷን ዘመን አጠገቡ አድርጋ ያነበበች ሰው ሥራ ነው። ስፌቱም በእጅ ብቻ አይደለም፣ መኪናም አለበት።

ለእኛ ዓይን ኪልቱ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሳጥን በሳጥን የሚተርከውን ሥዕል ያስታውሳል። እዚያ ግን ሳጥኖቹ እኩል ናቸው፣ ጽሑፍም ይኖራቸዋል። የፓወርስ ሳጥኖች መጠን ይለያያል፣ ጽሑፍም የላቸውም። በስሚዝ ማስታወሻ ላይ የተንጠለጠልነው ለዚህ ነው።

ቦስተን የጥበብ ሙዚየም ያለው ሁለተኛው ኪልቷ አሥራ አምስት ክፍል አለው። በ1833 ከዋክብት የዘነቡበት ሌሊት እዚያ ተሰፍቷል። ከጆርጂያ እስከ ቨርጂንያ አምስት መቶ ማይል የሮጠች ቤትስ የምትባል አሳማም አለች፤ ስሟ ሳይቀር ተመዝግቧል። የሁለቱም ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አለ። ማስታወሻውን ሳታነቡ በፊት አሳማዋን ፈልጓት።