ሴሊካ ለቆቦ ሙቀት

ለጥገና የመጣ መኪና ሕመሙን ራሱ ይናገራል። ለሽያጭ የቀረበ ግን ታጥቦ፣ ሞተሩ ሳይቀር ተወልውሎ ስለሚጠብቅ ምርመራው ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቆቦ ላይ ገዢዎች የሚያሳዩኝ አብዛኛውን ጊዜ አይሱዙ፣ ፒክአፕና ኮሮላ ነው፤ ሽንኩርትና ማሽላ የሚጭን ሰው ጭንቀቱ ባልስትራና ካምቢዮ ነው። ሰሞኑን ግን ሳዑዲ የሚሠራ የሰፈራችን ልጅ የአንድ ሴሊካ ፎቶ ላከልኝ። ሁለት በር ያለው፣ ዝቅ ያለ፣ አዲስ አበባ በአንድ ሰው እጅ ለዓመታት የቆየ መኪና ነው። «ጋሼ፣ በጣም የተያዘ ነው አሉኝ፤ ልግዛው?» ይላል።

ሰው በላቡ ባገኘው ገንዘብ የወደደውን መኪና መንዳት ቢመኝ እኔ ነውር አላይበትም። ደግሞም ሴሊካ በምሥራቅ አፍሪካ ስም ያለው መኪና ነው። በኬንያው ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1984፣ 1985 እና 1986 በተከታታይ፣ ከዚያም በ1990፣ 1992 እና 1993 አሸንፏል፤ ስዊድናዊው ቢዮርን ቫልደጎርድ ብቻውን ሦስት ጊዜ ድል አድርጎበታል። ነገር ግን ያ መኪና ለውድድር ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ መለዋወጫ የያዙ መካኒኮችም ከኋላው ነበሩ። የኛ ልጅ ሴሊካ ሮቢት ላይ ቢቆም የሚደርስለት እኔ ነኝ፤ እኔም ዕቃው ከሌለኝ ምንም አልፈይድም። ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅሁት ሞተሩ የትኛው እንደሆነ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ሴሊካ በአንድ ቅርጽ ብዙ ዓይነት ሞተር ይዞ ወጥቷል። ባለ 1.8 ሊትሩ 7ኤ-ኤፍኢ ከኮሮላ ቤተሰብ ነው፤ አሠራሩን የሚያውቅ መካኒክ ወልድያም ደሴም አይጠፋም። ባለ 2 ሊትሩ የስፖርት ሞተር ግን ግፊቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ይፈልጋል። ማደያዎቻችን ምርጫ አይሰጡም፤ በቆላ ሙቀት፣ ዳገት ላይ፣ ቤንዚኑ ያለጊዜው እየነደደ ሲያንኳኳ ፒስተን ይጎዳል። ባለ ቱርቦውማ ለኛ አገር ጭራሽ አይታሰብም። ልጁ በላከልኝ ሊብሬ ላይ ያለው 1.8 ሆኖ ሳገኘው ደስ አለኝ፤ ከዚያ በፊት ስለ ዋጋ ልነጋገር አልፈለግሁም።

አሁን የሙቀቱ ጉዳይ ይመጣል፤ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምፈራው እሱን ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ነፋሻ ከተማ ናት፤ ቆቦ ወደ 1,500 ሜትር ዝቅ ብላ በሜዳ የተዘረጋች ናት። ግንቦትና ሰኔ እኩለ ቀን ላይ አስፋልታችን ራሱ ይፋጃል። ግማሽ የተደፈነ ራዲያተር አዲስ አበባ ላይ ዓመታት ሳይታወቅበት ሊኖር ይችላል፤ እዚህ ሲመጣ በአንድ ቀትር ይጋለጣል። የሞተሩ ቴስታታ አልሙኒየም ስለሆነ አንዴ ከመጠን በላይ ከሞቀ ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ወጪው ማለቂያ የለውም። እዚያ በጥንቃቄ ተይዟል ማለት እዚህ ተፈትኗል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ምርመራው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይጀመራል። ሻጭ አስቀድሞ አስነስቶ ከጠበቀኝ ሌላ ቀን እመለሳለሁ። የራዲያተሩ ክዳን ሲከፈት ውሃው ዝገት ከመሰለ የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውሃ ሲሞላበት ኖሯል ማለት ነው፤ ውስጡ ዝቃጭ ይዟል። የዘይት ክዳኑ ሥር ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከተገኘ ውሃና ዘይት ተገናኝተው ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ተነስቶ ገና ሳይሞቅ የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ በእጅ ሲጨበጥ ከደነደነ፣ ጭስ ከሲሊንደር ወደ ውሃው እየገባ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ይህን ጣት ነው የሚያውቀው፤ በፎቶ አይታይም።

ብዙ ቆሞ የኖረ መኪናም ያሳስበኛል። ኪሎሜትሩ ትንሽ ነው ብለው ያሞግሱታል፤ ጎማ ነክ ነገር ግን ቆሞም ያረጃል። የመንገድ ጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2314 ካለ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓመት 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም እንዲህ ያለ ጎማ በቆላ አስፋልት ላይ በፍጥነት መንዳት ሞትን መጋበዝ ነው። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረም ደረሰኝ እጠይቃለሁ።

ዋጋው ከፍ ማለቱ አይገርመኝም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። አገር ውስጥ ያለው ተፈላጊ ሆነ፤ በስቱኮና በቀለም የተሸፈነውም እንዲሁ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መግጠሙን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ያላጣራ ሰው ገንዘቡን አያውጣ።

የመሬቱ ነገር ግን ልቤን ይከፍለዋል። ከዋናው መንገድ ወደ ገጠር ቀበሌ ሲወጣ፣ ክረምት ላይ እንደ ጎሊና ያሉ ወንዞች ደለል ባወረዱበት መሻገሪያ፣ ያ ዝቅ ያለ መኪና ካርተሩን ማስመታቱ አይቀርም። ልጁ እናቱን ከገጠር ለማመላለስ ካሰበ ፒክአፕ ይግዛ አልሁት። እሱ ግን የሚፈልገው ከቆቦ ወልድያና ደሴ፣ በአስፋልት ለሚሄድበት ነው።

እንዲያ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። አዲስ አበባ ያለ የሙያ ጓደኛዬ መኪናውን ቀትር ላይ ወደ አዳማ ያውርደው፤ እዚያ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ መጀመሪያ ቬንቲላተሩ ተነስቶ እስኪጠፋ፣ ቀጥሎም ኤሲውን ከፍቶ ፀሐይ ላይ ያቁመው፤ ከዚያ ሳያሳርፈው ዳገቱን ወደ አዲስ አበባ ይመልሰው፤ ዓይኑንም ከሙቀት መለኪያው አያንሣ። መርፌው ከቦታው ካልተነቃነቀ፣ በማግስቱም የራዲያተሩ ውሃ ካልጎደለ፣ ይግዛው እላለሁ፤ ከዋጋው ላይ ለአራት ጎማ፣ ለራዲያተር ቱቦዎችና ለቺንጋ የሚሆነውን አስቀንሶ። ሻጩ ለቤንዚኑ እኛ ከከፈልን ፈቃደኛ ነኝ ብሏል፤ ጓደኛዬም የፊታችን ቅዳሜ ይዞት ይወርዳል።