ኩሽኔታው ተቀይሯል፤ ሥራውስ?

ግራይንደር አስጠግኖ የሚረከብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሶኬት ላይ ሰክቶ ያስነሳዋል፤ ጩኸቱ ከጠፋ ከፍሎ ይሄዳል። በዚህ ፍተሻ ኩሽኔታው በደንብ መገጠሙ ይቅርና አዲስ መሆኑም አይታወቅም። አሮጌው ቤንዚን ውስጥ ታጥቦ፣ ግራሶ ጢም ብሎ ተሞልቶ ቢመለስም ለጥቂት ቀን ዝም ይላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው አሮጌውን ኩሽኔታ ነው። ሥራውን የሚያከብር ጠጋኝ ሳይጠየቅም ያስቀምጠዋል። ሽፋኑን በቀጭን ካቻቢቴ ፈንቅሎ፣ ግራሶውን ጠርጎ፣ ብዮቹ የሚንከባለሉበትን መንገድ ብርሃን ላይ ማየት ነው። ቡናማ ዝገት ካለ ውሃ ወይም እርጥበት ገብቷል። ብረቱ ወደ ሰማያዊ ካደላ በሙቀት ነዷል። መንገዱ ተቀርፎ ከተላጠ ብዙ ሠርቶ ደክሟል፤ በዚህ ማንም አይወቀስም። በብዮቹ ርቀት ልክ እኩል እኩል የተደረደሩ ትናንሽ ስርጉዶች ካሉ ግን ከሲሚንቶ ብናኝ በፊት የምጠረጥረው ቀደም ሲል የገጠመውን ሰው መዶሻ ነው።

የሙያው ልብ እዚህ ላይ ነው። አርማቸር ላይ፣ ማለትም በሞተሩ የሚዞር ክፍል ላይ፣ የሚዞረው የውስጥ ቀለበት ስለሆነ ሻፍቱን ጨምድዶ ይይዛል፤ የውጩ ቀለበት ቤቱ ውስጥ ትንሽ ቀለል ብሎ ይቀመጣል። ሲገጠም ግፊቱ ማረፍ ያለበት በሚጠብቀው ቀለበት ላይ ብቻ ነው። የውጩን እየቀጠቀጡ ሻፍቱ ላይ የሚያስገቡት ከሆነ እያንዳንዱ ምት በብዮቹ በኩል አልፎ መንገዱን ይሰረጉደዋል። መሣሪያው በዚያ ቀን አይጮህም፤ የሚጮኸው ደረሰኙ ከጠፋ በኋላ ነው። ጎበዝ ጠጋኝ ቤት ሞርሳ አለ፣ ለማውጫ ፑለር አለ፣ ልክ የውስጥ ቀለበቱን የሚያህል አፉ የተስተካከለ የቧንቧ ቁራጭ አለ። ጠረጴዛው ላይ መዶሻ ብቻ ካየሁ መሣሪያዬን ሳላወርድ እመለሳለሁ።

ቁጥሩን ማንበብ ቀላል ነው። 607 ማለት ውስጡ 7፣ ውጩ 19፣ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር፤ 608 ከሆነ 8፣ 22 እና 7። ይህን ሻጭ ሁሉ ያውቀዋል። የሚዘነጋው ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ፊደል ነው፤ ዜድ ዜድ በሁለቱም ጎን የብረት ሽፋን፣ ቱ አር ኤስ የጎማ። «ጎማ ይሻላል፣ አቧራ አያስገባም» ይባላል። ሁልጊዜ እውነት አይደለም። 115 ሚሊሜትር ዲስክ የሚይዘው ትንሹ ግራይንደር ዲስኩን በደቂቃ 11,000 ጊዜ ገደማ ያዞራል፤ ጥርሶቹ ፍጥነት ስለሚቀንሱ አርማቸሩ ራሱ ከዚያ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ይሮጣል። በዚህ ፍጥነት ቀለበቱን አጥብቆ የሚነካ ጎማ ይሞቃል፣ ግራሶውንም ያበላሻል። አዋቂው ፋብሪካው ያስገባው የትኛው ዓይነት እንደነበር አይቶ ያንኑ ይመልሳል። በካርቶኑ ላይ ባለው ስም ግን አልረታም፤ ካርቶን ማንም ያሳትማል።

ከኩሽኔታው ይልቅ ብዙ ሥራ የሚበላሸው መቀመጫው ላይ ነው። አርማቸሩን ከኋላ የሚይዘው ትንሹ ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ነው፤ አንዳንዱ ላይ የጎማ ቆብ አለበት። ኩሽኔታው ሲነክስ የውጩ ቀለበት አብሮ መዞር ይጀምርና ቤቱን አቅልጦ ያሰፋዋል። በሰፋ ቤት የገባ አዲስ ኩሽኔታ ምንም ጥሩ ቢሆን አርማቸሩ ይዋልላል፣ በዙሪያው ያለውን ብረትም ይልሳል። ይህን ለመሸፈን ቴፕ ይጠቀለላል፣ የቆርቆሮ ቁራጭ ይሸጎጣል፣ የብረት ቤት ከሆነ በፑንቶ እየተወጋ ይጠብባል። ቴፕ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ቆርቆሮ ኩሽኔታውን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። ቆቡን ወይም ቤቱን መቀየር ነው እንጂ። የብረት ቤት ትንሽ ብቻ ከለቀቀ ለዚሁ የተሠራ ማጣበቂያ አለ። 

ስረከብ ያለ ሥራ ጥቂት ደቂቃ አስነሳውና የፊት ራሱንና የኋላውን በመዳፌ እነካለሁ። ሁለቱም ለብ ቢሉ ደንብ ነው፤ አንዱ ብቻ ካቃጠለ ተጠብቆ ገብቷል ወይም ተጣሟል። ሳጠፋው ፍሬን የሌለው ከሆነ ድምፁ እየቀጠነ ወርዶ ሊጠፋ ይገባል፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ አንድ ነገር ይዞታል። ሶኬቱን ነቅዬ ዲስክ ማሰሪያውን ግራና ቀኝ እገፋዋለሁ፤ ኳ የሚል ነገር መኖር የለበትም። በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ የሚታየው ብልጭታ ከበፊቱ ከበዛ አርማቸሩን የሚነኩት ካርቦኖች ቦታ ተቀያይረው ይሆናል። እያንዳንዱ ካርቦን በራሱ በኩል ተስሎ ስላለቀ ወደነበረበት ጎን መመለስ አለበት።

ሻፍቱ ራሱ ከተበላስ? አዲሱ ኩሽኔታ በጣት ተገፍቶ ሰተት ብሎ ከገባ ሥራው አብቅቷል፤ ቀለበቱ ሻፍቱ ላይ እየተንሸራተተ ይበላዋል። እዚህ ላይ ብዙዎች ዝም ብለው ይገጥሙና ሒሳብ ይቀበላሉ። «ወንድሜ፣ ገንዘብህን አታባክን፤ ያለቀው አርማቸሩ ነው» ብሎ ኩሽኔታውን ወደ ካርቶኑ የሚመልስ ጠጋኝ ጋ ግን ድሪሌንም ይዤ እሄዳለሁ።