መርዶና ለቅሶ፦ የሐዘንን ልጓም ማን ይይዛል?

ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1872 ባሳተመው መጽሐፍ የስሜት ገጽታ ለሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ነው ሲል ተከራክሯል። ፖል ኤክማንና ዋላስ ፍሪሰን ደግሞ በ1969 ይህን ሳይክዱ፣ የትኛው ስሜት የት፣ መቼና በማን ፊት እንደሚታይ የሚወስነው ባህል ነው ብለው «የአገላለጽ ደንብ» የሚል ጽንሰ ሐሳብ አከሉበት። ማዕቀፉ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ደንቡን የሚጠብቀው ባለስሜቱ ራሱ እንደሆነ ያስመስላል። የእኛ የመርዶና የለቅሶ ሥርዓት ከዚህ የተለየ ነገር ያሳያል፤ የሐዘኑን ልጓም የሚይዙት በሐዘንተኛው ዙሪያ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ይህ ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ዊንጌት አካባቢ የሚገኘው የጳውሎስ ሆስፒታል ደጃፍ ነው። ታማሚ ሲያርፍ ከዘመድ መካከል ጠና ያለው ዕንባውን ጠርጎ ስልክ ያነሳል። ለአጎት እውነቱን ይነግራል፤ ለእናት ግን «ትንሽ ደከም ብሏል» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የብዙ ሰው ነው። ጎረቤት ይሰማል፣ እድርተኛ ይጠራል፣ የነፍስ አባት ይነገራቸዋል። እናት ሌሊቱን እንድታሳልፍ ትተዋለች። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹና ጎረቤቶቿ አንድ ላይ በሯን ያንኳኳሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ስታያቸው ቃል ሳይወጣቸው ትረዳለች። ራሷን ስትጥል የሚይዟት እጆች ቀድመው ተዘጋጅተዋል።

ኤሚል ዱርኬም በ1912 ለቅሶ ማኅበረሰቡ በአባላቱ ላይ የሚጥለው ግዴታ መሆኑን ጽፏል። ግዴታ መሆኑ ግን ሐሰተኛ አያደርገውም። አልቃሿ የሟቹን ሙያና ደግነት በግጥም ስታነሳ፣ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው የራሱን ሟች አስታውሶ ያነባል። እነዚያው ያስለቀሱ ሰዎች ጥቂት ቆይተው «በቃ፣ ተይ፣ እግዜር ያጽናሽ» ይላሉ፤ ውሃ ያቀርባሉ፣ ንፍሮ ያዞራሉ። ደረት መድቃቱና ፊት መንጨቱ ሲበዛ የሐዘንተኛዋን እጅ ይይዛሉ። ሐዘኑ የሚወጣበትም የሚገታበትም ሰዓት በሰው እጅ ነው።

ሥርዓቱ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ወንዱ ገና በሰልስቱ «አንተ ከወደቅህ ቤቱን ማን ይይዛል?» ይባላል። ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን በ1990ዎቹ ባደረጉት የቤተ ሙከራ ጥናት፣ የስሜትን ገጽታ ማፈን የሐዘኑን ስሜት እንደማይቀንሰውና በሰውነት ላይ ጫና እንደሚጨምር አሳይተዋል። ድንኳኑ ሲነሳ ልጓሙን ብቻውን የሚይዝ ወንድ የዚህ ጫና ተሸካሚ ነው። ሌላው ጥያቄ የእውነት ጉዳይ ነው፤ መርዶ ወራት ሲቆይ ጥበቃነቱ ቀርቶ፣ ሐዘንተኛው የሚወደውን ሰው የመቅበር ዕድሉን መነጠቅ ይሆናል።

ሁለቱን ወገን አመዛዝኖ ማየት የሚያስፈልገው በሆስፒታል ውስጥ ነው። የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጣችው ጽሑፍ፣ ስደተኛ ኢትዮጵያውያን ከባድ ዜና በሐኪም አፍ በቀጥታ ሲነገራቸው ክፉኛ እንደሚጎዱ፣ ቤተሰብ ቀድሞ እንዲሰማና ጊዜና ቦታ መርጦ እንዲነግር እንደሚሹ አስረድታለች። በ2000 ዋልተር ቤይልና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ባለስድስት ደረጃ የሐኪሞች መመሪያም ቦታ ማመቻቸትንና ሰውዬው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ መጠየቅን ይጨምራል። ሁለቱ የሚገናኙበት ነጥብ አለ፤ ነገር ግን መመሪያው በዋናነት የተጻፈው ሐኪምና ታማሚ ለሚያደርጉት ንግግር ሲሆን፣ መርዶ የሚነገረው በብዙ ሰው መካከል ነው።

ስለዚህ በሐኪም ማሠልጠኛ ተቋሞቻችን ከውጭ መመሪያዎች ጎን መርዶ ራሱን የቻለ ዕውቀት ሆኖ ይሰጥ። ሐኪሙ በኮሪደር ቆሞ ከመናገሩ በፊት «ከቤተሰቡ ቀድሞ መስማት ያለበት ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ቤተሰቡም የሚቀመጥበት አንድ ክፍልና የሚሰባሰብበት ጥቂት ጊዜ ይሰጠው። እድሮችም ከሰልስት በኋላ በተለይ ወንዱን ሐዘንተኛ መጎብኘትን ከግዴታቸው ይቁጠሩት።