የስድብ ግጥምና የነገድ ጠብ በኡመያውያን ዘመን

የዓረብን ጥንታዊ ሥነ ጽሑፍ የሚመረምሩ ሰዎች ናቃኢድ ስለሚባሉት የመልስ ግጥሞች ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደንቁት ሥልቱን ነው። አንዱ ባለቅኔ ተቀናቃኙን ይሰድባል፤ ተሰዳቢውም በዚያው ምጣኔና በዚያው ቤት መምቻ ስድቡን ይመልስለታል። ችሎታው የሚደነቅ መሆኑን እኛም አንክድም። ነገር ግን ግጥሙ የተነገረበትን ስፍራና የሰማውን ሰው ትቶ ቃሉን ብቻ መመዘን የሥራውን እኩሌታ መተው ይመስለናል።

ጀሪርና ፈረዝደቅ ሁለቱም ከተሚም ነገድ የተወለዱ ሲሆኑ አርባ ዓመት ያህል ሲሰዳደቡ ኖረዋል። በባስራ ሚርበድ በሚባለው ገበያ ሕዝቡ ያዳምጣቸው፤ ይፈርድባቸውም ነበር። ይህ ከጨዋታ ብዙ አይርቅም።

የአል-አኽጠል ነገር ግን ሌላ ነው። ይህ የተግሊብ ነገድ ክርስቲያን ባለቅኔ በደማስቆ የኸሊፋው የአብዱልመሊክ አወዳሽ ነበር። ከዚያ አስቀድሞ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ684 ዓ.ም.፣ በመርጅ ራሂጥ ጦርነት የካልብ ነገድ ለመርዋን፣ የቀይስ ነገዶች ለኢብን ዙበይር ወግነው ተዋግተው ቀይሶች ድል ሆነዋል። (ካልቦች ከየመን ወገን ቢቆጠሩም፣ ስለ ዘራቸው ሊቃውንቱ ራሳቸው አልተስማሙም፤ የዘር ሐረጉ ጠቡን ተከትሎ የተዘረጋ ይመስላል።) ቀይሶች ወደ ኤፍራጥስ አካባቢ ሲያይሉ ደግሞ ከተግሊብ ጋር ደም ተቃቡ።

ኸሊፋው ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ በሚደክምበት ጊዜ፣ አል-አኽጠል በጉባኤው ፊት ጀሃፍ የተባለውን የቀይስ ወገን አለቃ፣ የዘመዶቹን ደም ሳይመልስ መቀመጡን በግጥም ነካበት። ጀሃፍም ተቈጥቶ ወጣ፤ ሰዎቹን አስከትሎ ብሽር በተባለ ስፍራ በተግሊብ ላይ አደጋ ጣለ፤ ብዙ ሕዝብም ፈጀ። ባለቅኔው ራሱ ተይዞ፣ ልብሱ ያደፈ ስለ ነበር ባሪያ ነኝ ብሎ እንዳመለጠ ይተረካል።

እንግዲህ ይህን ግጥም በምን እንመዝነው? በጥበቡ እንከን አይወጣለትም፤ የልብ የሚያደርስ ስለ ሆነ ነው ደም ያፈሰሰው። አብዱልመሊክም ቢሆን ከወቀሳ አይድንም፤ የዕርቅ ሸንጎ ዘርግቶ ሳለ ተሳዳቢን ከጎኑ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ዳኝነት ነው?

ጀሃፍ ወደ ሮማውያን ግዛት ሸሸ፤ በኋላም ምሕረት አግኝቶ ተመለሰ። አል-አኽጠል የወገኖቹን ጥፋት በግጥም ለኸሊፋው አቤት አለ። ጀሪር ደግሞ ያንኑ የብሽርን እልቂት አንሥቶ አል-አኽጠልን የሚሰድብበት አዲስ ግጥም ገጠመ።