ውዳሴ እርጋታ

እርጋታ ሆይ፣ የአንደበት ልጓም፣ የጠቢባን ካባ፣ የሸንጎ ሞገስ! ጎራዴ ሳታስመዝዢ ጠብን የምታበርጂ፣ ነጋሪት ሳታስጎስሚ የምትከበሪ፣ ውዳሴ ላንቺ ይገባል።

በጓዳም በአደባባይም ስምሽ ይጠራል። ወተት ሲጠና ረጋ ይባላል፤ ሁከት የበረደለት አገርም ረጋ ይባላል። ባለሙያ እናት ወተቷን በወይራ በታጠነ ዕቃ ታስቀምጣለች፤ ከቀድሞው እርጎ በዕቃው ውስጥ የቀረው ጥቂት እርሾ አዲሱን ያረጋዋል። እስኪረጋ ትታገሣለች እንጂ ቅሉን ለመናጥ አትጣደፍም። አበው «ያልረጋ ወተት ቅቤ አይወጣውም» ሲሉ ሰውንም በዚሁ መዘኑት። ምሥጢርሽም ይኸው ነው፦ የሚያረጋ የረጋ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌው በተቆጡ ወንድማማቾች መካከል ሲቀመጥ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ነጠላውን አስተካክሎ፣ የሁለቱንም በደል እስከ መጨረሻው አድምጦ፣ «ረጋ በሉ እንጂ ልጆቼ» ይላል። ቃሉ የሚሰማው ተናጋሪው አስቀድሞ ስለ ረጋ ነው።

ፍርሃት ነሽ የሚሉሽ አላወቁሽም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ የሆነው ምስክርሽ ይሁን። አገራቸው በፋሺስት ኢጣሊያ የተወረረችባቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሙ። ገና ንግግራቸውን ሳይጀምሩ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በስድብ አዳራሹን አወኩት። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ቃል ሳይመልሱ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ጠበቁ። በጥባጮቹ ተይዘው ወጡ፤ እርሳቸውም የሕዝባቸውን በደል በአማርኛ ለዓለም አሰሙ። ማኅበሩ ኢትዮጵያን አልታደጋትም፤ የዚያች ሰዓት ክብር ግን ለተሳዳቢዎቹ ሳይሆን ለረጋው ተናጋሪ ተጻፈ።

እርጋታ ሆይ፣ በዳኛ ችሎት ሚዛን ነሽ፤ በሐኪም እጅ መድኃኒት ነሽ፤ በእናት ጉያ ዕንቅልፍ ነሽ። ከቤታችን አትራቂ፤ ከሸንጓችን አትጥፊ።

አንባቢ ሆይ፣ «ተረጋጋ» የሚለውን ቃል እየጮኽህ አትናገረው፤ በጩኸት የተነገረ እንደሆነ እሳት ላይ የፈሰሰ ዘይት ነው። በቅድሚያ አንተ ርጋ፤ ከዚያ ሌላውን አረጋጋ።