ቪክቶሪያ ሰፈር፣ ፖርት ኤሲንግተን

ከአውስትራሊያዋ ዳርዊን ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ የኮበርግ ልሳነ ምድር አለ። በመኪና መድረሱ አድካሚ ስለሆነ የባሕር ዳርቻው ሎጅ እንግዶች በአብዛኛው በትንሽ አውሮፕላን ይመጣሉ። ባሕሩ ያምራል፤ አዞ ስላለበት ግን አይዋኙበትም።

ቦታውን የምወደው ከሁሉም በላይ በፍርስራሹ ነው። እንግሊዞች በዚሁ ልሳነ ምድር፣ በፖርት ኤሲንግተን፣ ቪክቶሪያ የተባለውን ሰፈር በ1838 እ.ኤ.አ. ቆረቆሩ። በዓመቱ አውሎ ነፋስ መታው፤ ከዚያ የወባ ንዳድ ብዙ ሰው ገደለ። ጀርመናዊው አሳሽ ላይካርት ከአንድ ዓመት በላይ በየብስ ተጉዞ በ1845 የደረሰው እዚሁ ነበር። በ1849 ሰፈሩን ጥለውት ሄዱ።

ዛሬ በዛፎቹ መካከል የድንጋይ ጭስ ማውጫዎች ቆመዋል። ቅርጻቸው ክብ ነው፤ ኮርንዎል በተባለው የእንግሊዝ አውራጃ እንደሚሠሩት። ቀርቦ ላያቸው ሰው፣ ድንጋዩን የካበው ግንበኛ እዚህ ኖሮ ለማርጀት ያሰበ ይመስላል። መቃብሮቹም ሩቅ አይደሉም። ሰፋሪዎቹ ያስመጧቸው ባንቴንግ የሚባሉ ከብቶች ግን ዱር ገብተው ተዋለዱ፤ በትውልድ አገራቸው በእስያ ለመጥፋት የተቃረቡት እነዚህ እንስሳት እዚህ በሺዎች ይቆጠራሉ።

ምድሩ ከሰፋሪዎቹ በፊትም በኋላም የነባር ሕዝቦቹ ነው። መሄድ የምትፈልጉ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ።